ኃይም ቫይጽማን፦ በኃያላን ፉክክር መካከል ለሕዝባቸው መንገድ የፈለጉት የረሆቮቱ ሰው

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ከከተማችን ርቀን አንሄድም። ረሆቮት የምትኖሩ ሁሉ ሄርዝል ጎዳናን ታውቁታላችሁ። ለገበያውም፣ ለባንኩም፣ ለሐኪሙም የምንመላለስበት ዋናው ጎዳና ነው። በዚሁ ጎዳና በስተሰሜን፣ ቁጥር 234 ላይ፣ ዛፍና ሣር የበዛበት ሰፊ ግቢ አለ። ማኮን ቫይጽማን የሚባለው የሳይንስ ተቋም ነው። ዛሬ የምንተርክላችሁ ግቢው በስማቸው የተጠራውን፣ በዚያው ኖረው በዚያው ያረፉትን የዶክተር ኃይም ቫይጽማንን ሕይወት ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን በሕይወታቸው ማምሻ፣ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ነው። ትልቁ ሥራቸው ከዚያ በፊት የሠሩት ነው። አገራችን ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። የቫይጽማን የዕድሜ ልክ ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ኃያላን ሲጣሉ ሣሩ እንዴት ይተርፋል? ሠራዊት አልነበራቸውም፤ መሬትም፣ ግምጃ ቤትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እንነግራችኋለን።

ከሞቶል መንደር እስከ ማንችስተር

ኃይም ቫይጽማን በኖቬምበር 27 ቀን 1874 ሞቶል በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። መንደሯ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረች፤ ዛሬ በቤላሩስ ትገኛለች። አባታቸው እንጨት ነጋዴ ነበሩ። በክረምት ዛፍ እያስቆረጡ፣ በረዶው ሲቀልጥ ግንዱን እያሰሩ በወንዝ ወደ ባሕር ወደብ ይልኩ ነበር። እናታቸው አሥራ አምስት ልጆች ወልደዋል፤ ኃይም ሦስተኛው ናቸው።

በ11 ዓመታቸው ፒንስክ ወደምትባለው ከተማ ለትምህርት ተላኩ። በዚያን ጊዜ ለአስተማሪያቸው በዕብራይስጥ የጻፉት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በደብዳቤው ልጁ አይሁድ ወደ ጽዮን መመለስ እንዳለባቸው፣ ከአውሮፓ ነገሥታት ሁሉ ምሕረት የምታደርግላቸው እንግሊዝ ብቻ እንደምትሆን ጽፏል። እንግሊዝን በዓይኑ ያላየ የገጠር ልጅ ነው ይህን የጻፈው። ይህ ተስፋ ከሃምሳ ዓመት በላይ መራቸው፤ በመጨረሻም ልባቸውን ሰበረው።

የሩሲያ መንግሥት ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡትን የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ገድቦ ስለነበር በ1892 ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። እያስተማሩ ተማሩ። በመጨረሻም በ1899 በስዊዘርላንድ አገር በኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

በዚያ ዘመን ዋናው ጎዳናችን በስሙ የተጠራለት ቴዎዶር ሄርዝል ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥት ይዞር ነበር። የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥትና የቱርኩን ሱልጣን ደጅ ጠንቷል፤ የእንግሊዝንና የሩሲያን ሚኒስትሮችም አነጋግሯል። አፄ ምኒልክም በዚያው ዘመን ጣልያንን፣ ፈረንሳይን፣ እንግሊዝንና ሩሲያን እያመዛዘኑ ነበር የአገራቸውን ነፃነት የጠበቁት። ልዩነቱ ምኒልክ አገርና ጦር ነበራቸው፤ ሄርዝል ግን ባዶ እጁን ነበር። እንግሊዞች በ1903 ዛሬ ኬንያ በምትባለው አገር መሬት እንስጣችሁ ባሉ ጊዜ፣ ነገሩ በታሪክ የዑጋንዳ ዕቅድ ይባላል፣ ወጣቱ ቫይጽማን ከተቃወሙት ወገን ቆሙ። ለእርሳቸው ከጽዮን ሌላ መሬት መሬት አልነበረም።

ሄርዝል በ1904 ሞተ። በዚያው ዓመት ቫይጽማን የእንግሊዝኛ ቋንቋ በቅጡ ሳያውቁ ማንችስተር ገቡ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ የምትገኝ ደካማ ላቦራቶሪ ተሰጠቻቸው፤ ቋንቋውን መጽሐፍ እያነበቡ ተማሩ። በሰው አገር ቋንቋ እንደ ልጅ ከፊደል መጀመር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በ1906 ቬራ ኻትስማን የምትባለውን የሕክምና ተማሪ አገቡ። በዚያው ዓመት ከእንግሊዙ ትልቅ ፖለቲከኛ ከአርተር ባልፎር ጋር ማንችስተር ላይ ተገናኙ። ባልፎር አይሁድ ስለምን በአፍሪካ የቀረበላቸውን መሬት እንዳልተቀበሉ ጠየቃቸው። ቫይጽማንም፣ ለንደንን ትተህ ፓሪስን ውሰድ ብትባል ትቀበላለህ ወይ ሲሉ መልሰው ጠየቁት። ባልፎር ለንደን እኮ በእጃችን ናት አለ። ቫይጽማንም ለንደን ረግረግ በነበረችበት ዘመን ኢየሩሳሌም በእጃችን ነበረች ብለው መለሱለት። ባልፎር ይህን ንግግር አልረሳውም።

ባሩድ ሲያልቅ

በ1914 የአውሮፓ ኃያላን ተያያዙ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ በአንድ ወገን፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ቱርክ በሌላ ወገን ሆኑ። ኢየሩሳሌም በቱርክ እጅ ነበረች። አይሁድ ደግሞ በሁሉም ጦር ውስጥ ነበሩ፤ አይሁድ ከአይሁድ በመድፍ ይተኳኰሱ ነበር። የጽዮናውያን ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤት የነበረውም በርሊን፣ በጀርመን ዋና ከተማ ነው። ብዙዎቹ መሪዎች ገለልተኛ መሆን ይሻላል ብለው ነበር። ቫይጽማን ግን እንግሊዝ ታሸንፋለች ብለው ቆረጡ።

በ1915 እንግሊዞች የመድፍ ጥይት አጠራቸው። ለጥይቱ የሚሆነውን ጭስ አልባ ባሩድ ለመሥራት አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ያስፈልጋል። አሴቶን ይመጣ የነበረው እንጨት በማክሰል ነው፤ አብዛኛውም ከአሜሪካ በመርከብ ይጫን ነበር። ቫይጽማን ደግሞ በቆሎን አብላልቶ አሴቶን የሚያወጣ ባክቴሪያ አግኝተው ነበር። እናቶቻችን ጠላ ሲጠነስሱ ብቅሉና ጌሾው ተብላልቶ እንደሚፈላ ሁሉ፣ እርሳቸውም በቆሎውን በዚያች በዓይን በማትታይ ነፍስ ያብላሉታል፤ ከዚያም አሴቶኑን እንደ አረቄ ያወጡታል። የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችልና የጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ የአረቄ ፋብሪካዎችን ሰጧቸው።

በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እህል ጫኝ መርከቦችን ማስጠም ሲያበዙ በቆሎ ጠፋ። የእንግሊዝ ተማሪዎች ሰው የማይበላውን የዛፍ ፍሬ በየጫካው እየለቀሙ እንዲያመጡ ተደረገ። ሥራው ከባሕር ማዶም ተተከለ፤ በካናዳ ቶሮንቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ቴሬ ሆት በምትባል የኢንዲያና ከተማ አሴቶን በቫይጽማን ዘዴ ተመረተ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር ተረት አለ። እንግሊዝ ለአይሁድ ተስፋ የሰጠችው ለአሴቶኑ ውለታ ነው ይባላል። ሎይድ ጆርጅም በስተርጅና ነገሩን እንዲያ አድርጎ ጽፎታል። ቫይጽማን ራሳቸው ግን ይህን አልተቀበሉትም። አሴቶኑ የከፈተላቸው በሩን ነው፤ ሚኒስትሮቹ ጋ ገብተው እንዲነጋገሩ አስችሏቸዋል። ከበሩ ወዲያ ያለው የመንግሥታት ጥቅም ነበር።

አሜሪካን ለማግኘት የተደረገው ሽሚያ

አሜሪካ ራሷ የተወለደችው በአውሮፓ ኃያላን ፉክክር መካከል ነው። ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ስትዋጋ ፈረንሳይ በ1778 ቃል ኪዳን ገብታላት ጦርና መርከብ ላከችላት። ፈረንሳይ ያን ያደረገችው ለነፃነት ፍቅር ብላ ብቻ አይደለም፤ ጠላቷን እንግሊዝን ለማዳከም ነው። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ነገሩ ተገለበጠና የአውሮፓ ኃያላን የአሜሪካን እርዳታ መሻማት ጀመሩ።

አሜሪካ እስከ 1917 ድረስ ጦርነቱን ከዳር ሆና ታይ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ አይሁድ አብዛኞቹ ከሩሲያው ንጉሥ ግፍ የሸሹ ስለነበሩ የሩሲያን ወዳጅ እንግሊዝን አልወደዷትም። እንግሊዞች ይህን አይተው ሰጉ። ጀርመን ቀድማ ለአይሁድ ተስፋ ብትሰጥስ? የአሜሪካና የሩሲያ አይሁድ ልብ ወዲያ ቢያዘነብልስ? ቫይጽማን ይህን ስጋት ያውቁ ነበር፤ ሚኒስትሮቹም እንዲያስቡበት ያሳስቧቸው ነበር።

በኢትዮጵያም በዚያ ወቅት ተመሳሳይ ሽሚያ ነበር። ጀርመንና ቱርክ ልጅ ኢያሱን ወደ እነርሱ ሲስቡ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ልዑካን ደግሞ በሌላ በኩል ግፊት ያደርጉ ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሥልጣን ወረዱ። የአውሮፓ ጠብ አዲስ አበባ ድረስ መድረሱን አባቶቻችን በዓይናቸው አይተዋል።

በ1917 መጀመሪያ ጀርመን አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራች። ለሜክሲኮ በምስጢር መልእክት ልካ፣ አሜሪካ ከወጋችን አብረሽን ውጊያት፣ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ታስመልሻለሽ አለቻት። እንግሊዞች መልእክቱን ጠልፈው ለአሜሪካ ሰጡ። የመርከቦቹ መስጠም ተጨምሮበት አሜሪካ በኤፕሪል 6 ቀን 1917 በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። በቱርክ ላይ ግን አላወጀችም።

ይህ ለቫይጽማን አስጊ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ላይ የአሜሪካ የቀድሞ አምባሳደር ሄንሪ ሞርገንታው ቱርክን ከጀርመን ነጥሎ ለብቻዋ ለማስታረቅ ጉዞ ጀመረ። ቱርክ ብትታረቅ ኢየሩሳሌም በእጇ ትቀር ነበር። እንግሊዞች ቫይጽማንን ጅብራልታር ላይ እንዲያገኙት ላኩ። ሁለት ቀን ተነጋገሩ፤ ሁሉም የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበረ በእንግሊዝ ምሽግ ውስጥ የጠላትን ቋንቋ ጀርመንኛን ተናገሩ። ሞርገንታው ጉዞውን ተወ።

ከዚያም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተነጋገሩ፤ በኦክቶበር ዊልሰን መስማማታቸውን ለለንደን አሳወቁ። በኖቬምበር 2 ቀን 1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባልፎር ለሎርድ ሮትሽልድ ደብዳቤ ጻፈ። የተስፋው ቃል በእንግሊዝኛ 67 ቃላት ብቻ ነው። እንግሊዝ ለአይሁድ ሕዝብ በጳለስጢና ብሔራዊ ቤት እንዲቋቋም እንደምትረዳ፣ በዚያ ያሉ ሌሎች ሕዝቦች መብትም እንዳይነካ ይናገራል። በካቢኔው ውስጥ ብቸኛው አይሁዳዊ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉ አጥብቆ ተቃውሞት እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ደብዳቤው ግን ብቻውን አልነበረም። እንግሊዞች ለዓረቡ ለሸሪፍ ሁሴን ሌላ ተስፋ ሰጥተዋል፤ ከፈረንሳይ ጋርም አገሩን ለመካፈል በምስጢር ተዋውለዋል። አንድ በሬ ለሦስት ገዢ እንደመሸጥ ነው። የዚያ ገበያ ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። ቫይጽማን ከሸሪፍ ሁሴን ልጅ ከፋይሰል ጋር በ1918 በምድረ በዳ ተገናኝተው በ1919 ስምምነት ተፈራርመው ነበር፤ ነገር ግን ፈረንሳይ ፋይሰልን ከደማስቆ ስታባርረው ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

የእንግሊዝ ተስፋ ሲጠብ

ከ1920 ጀምሮ ቫይጽማን የዓለም ጽዮናውያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደብዳቤ ቤት አይሠራም፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። በ1921 ከታላቁ ሊቅ ከአልበርት አንስታይን ጋር በመርከብ ኒው ዮርክ ገብተው ለዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና ለአገር ግንባታው ገንዘብ ለመኑ። ብራንዳይስ በገንዘቡ አያያዝ ስላልተስማሙ ሁለቱ ወዳጆች ተለያዩ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው አሜሪካ እየሄዱ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር ሥራቸው ሆነ።

በ1934 እዚህ ረሆቮት የብርቱካን እርሻ መካከል የዳንኤል ዚፍ የምርምር ተቋም ተከፈተ። ከሂትለር የሸሹ የጀርመን አገር ሊቃውንት መጠጊያ አገኙበት። ቫይጽማንም ቤታቸውን አጠገቡ ሠሩ።

እንግሊዝ ግን ቀስ በቀስ ፊቷን አዞረች። ጦርነት በቀረበ ጊዜ ዓረቦችን ማስቀየም አልፈለገችም፤ አይሁድ ግን ከሂትለር ጋር ሊወግኑ እንደማይችሉ ታውቃለች። በ1936 ቫይጽማን ለእንግሊዝ መርማሪ ጉባኤ ሲናገሩ በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መሄጃ እንደሌላቸው አስረድተው ነበር። በሜይ 1939 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚገቡትን አይሁድ በ75,000 ወሰነ። በሩ የተዘጋው ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ሰዓት ነው። በልጅነታቸው የተስፋ ደብዳቤ የጻፉላት እንግሊዝ ናት ይህን ያደረገችው።

ከረሆቮት እስከ ጎጃም

በዚያ ዘመን ከቫይጽማን ጋር የተወዳጀ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር፤ ኦርድ ዊንጌት ይባላል። በ1936 ወደዚህ አገር መጥቶ ዕብራይስጥ ተማረ፤ የአይሁድ ወጣቶችንም የሌሊት ውጊያ አሠለጠነ። አለቆቹ ለአይሁድ አዳላ ብለው ከአገሩ አስወጡት። ይህ ሰው ነው በኋላ ጎጃም የገባው። ጣልያን ከሂትለር ጋር በወገነች ጊዜ እንግሊዞች አፄ ኃይለ ሥላሴን አስታወሱ። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ዊንጌት ጦሩን በመጽሐፈ መሳፍንት በምናውቀው በጌዴዎን ስም ጠራው፤ ጸሐፊው አቭራሃም አካቪያም ከዚህ ከእስራኤል ምድር የሄደ አይሁዳዊ ነበር። ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆነው ብዙ ቁጥር ያለውን የጣልያን ጦር ገፉት። ንጉሡ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ።

እንግሊዞች ጣልያንን ካስወጡ በኋላ ግን አልወጣም አሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1942ና በ1944 ሁለት ውል ተዋውለው ነው ሥልጣናቸውን ደረጃ በደረጃ ያስመለሱት። በፌብሩዋሪ 1945 ደግሞ ግብፅ ላይ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው አዲስ ወዳጅ ፈለጉ። ቫይጽማንም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ጎጃምና ረሆቮት ቢራራቁም ትምህርቱ አንድ ነበር፤ ኃያል መንግሥት የሚረዳህ ጥቅሙ ከጥቅምህ ጋር እስከሄደ ድረስ ነው።

በፌብሩዋሪ 1942 የቫይጽማን ታናሽ ልጅ ሚካኤል ሞተ። የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ 25 ዓመቱ ነው። የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ሲያስስ ባሕር ላይ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ወላጆቹ ድንገት ይመለስ ይሆናል እያሉ ብዙ ጠበቁ። መቃብር የሌለው ልጅ ሐዘኑ እንዴት እንደሆነ በሱዳን መንገድ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦቻችን ያውቁታል። አባትየው በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄደው ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን ሰው ሠራሽ ጎማ በማውጣት ምርምር ረዱ። ልጃቸውን የገበሩላት እንግሊዝ በሩን አልከፈተችም።

የዋሽንግተን የጎን በር

በ1946 የጽዮናውያን ጉባኤ ቫይጽማንን ከፕሬዚዳንትነት አወረዳቸው። ለእንግሊዝ ታግሠሃል ተብለው ተወቀሱ። ሥልጣን ባይኖራቸውም በተቸገሩ ጊዜ የሚጠሩት እርሳቸውን ነበር። በኖቬምበር 1947 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንን አግኝተው ካርታ ዘርግተው ኔጌቭ እስከ ኤይላት ድረስ ለአይሁድ እንዲሆን አስረዱ፤ ትሩማንም ለልዑካናቸው ስልክ ደውለው አዘዙ። ኖቬምበር 29 የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ሰጠ፤ 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፅ አልሰጡም። ድምፅ ካልሰጡት አንዷ እንግሊዝ ስትሆን ሌላዋ ኢትዮጵያ ነበረች።

በ1948 መጀመሪያ የአሜሪካ ሹማምንት ማመንታት ጀመሩ። ትሩማንም በጭቅጭቅ ተማርረው በዚህ ጉዳይ ሰው አላነጋግርም አሉ። ቫይጽማን ኒው ዮርክ ታመው ተኝተው ነበር። ያን ጊዜ ኤዲ ጃኮብሰን የሚባል የትሩማን የድሮ ወዳጅ ተጠራ። ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብረው ወታደር ነበሩ፤ በኋላም ካንሳስ ሲቲ ላይ የሸሚዝና የክራባት ሱቅ ከፍተው አብረው ከስረዋል። ጃኮብሰን ገብቶ ሲለምን ትሩማን ተቆጡ። በክፍሉ ውስጥ የአንድሩ ጃክሰን ሐውልት ነበር፤ በ1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ እንግሊዞችን ያሸነፈ የትሩማን ጀግና ነው። ጃኮብሰን ወደ ሐውልቱ እያመለከተ፣ ለእኔም ጀግናዬ ያ የታመመው ሽማግሌ ነው አለ። ትሩማን ዝም ብለው ቆዩና እሺ አሉ።

ማርች 18 ቀን ቫይጽማን ጋዜጠኛ እንዳያያቸው በጎን በር ገቡ። ትሩማን ቃል ሰጧቸው። በማግስቱ ግን የአሜሪካው ተወካይ በተባበሩት መንግሥታት ተነሥቶ ተቃራኒውን ተናገረ። ሁሉም ተከዳን ብሎ ጮኸ። ቫይጽማን ግን አልጮኹም፤ ሰውየው ቃሉን እንደማያጥፍ አምነው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ትሩማንን ከቁጣ ይልቅ አሠራቸው። በሜይ 14 ቀን 1948 የእንግሊዝ ሥልጣን ባበቃ በ11 ደቂቃ ውስጥ አሜሪካ ለእስራኤል ዕውቅና ሰጠች። ተፎካካሪዋ ሶቪየት ኅብረትም ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉ ዕውቅናዋን ሰጠች። ሁለቱ አዳዲስ ኃያላን በብዙ ነገር ቢጣሉም በዚህ ላይ ለየራሳቸው ምክንያት ተስማሙ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቫይጽማን ከአሜሪካ ሳይመለሱ የጊዜያዊው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ተባሉ። በሜይ ወር ትሩማንን ጎብኝተው የኦሪት ጥቅልል አበረከቱላቸው፤ የብድርም ጥያቄ አቀረቡ። በ1949 መጀመሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። በፌብሩዋሪ 1949 ክኔሴት የመጀመሪያው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። የነፃነት መግለጫው ላይ ግን ፊርማቸው የለም፤ ሲፈረም ባሕር ማዶ ነበሩ። የፕሬዚዳንቱም ሥልጣን የክብር ብቻ ስለነበር ዳር የተቀመጡ መስሎ ይሰማቸው ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 2 ቀን፣ የባልፎር ደብዳቤ በተጻፈበት ዕለት፣ የረሆቮቱ ተቋም በስማቸው ተሰየመ።

ኖቬምበር 9 ቀን 1952 በቤታቸው አረፉ፤ በግቢያቸው አትክልት ሥፍራ ተቀበሩ። የወንድማቸው ልጅ ዔዜር ቫይጽማን በ1993 የአገሪቱ ሰባተኛ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ውድ ወገኖቻችን፣ የኃያላን ወዳጅነት እንደ ደጋ አየር ነው፤ ጧት ብራ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና። ቫይጽማን ያንን ከጀርመንም፣ ከእንግሊዝም፣ ከአሜሪካም አይተዋል። ስለዚህ በአንድ በኩል በሮችን ሲያንኳኩ በሌላ በኩል ማንም የማይወስደውን ትምህርት ቤትና ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። የልጅ ልጆቻችሁ በኬሚስትሪ ወይም በሒሳብ ሲታክቱ ይህን የጠላ ጥንስስ የመሰለ ባሩድ ታሪክ ንገሯቸው። ዕብራይስጡን እነርሱ ያውቁታል፤ ታሪኩን ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።